ፀሐይና የቀሃ ውኃ፦ ከጎንደር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የካቲት 22

በበጋ የጎንደር ወንዞች ይመነምናሉ። ቀሃ የፋሲልን መዋኛ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከላይ ይዞት የመጣው የምንጭ ውኃ ጥቂት ነው፤ የቀረው የልብስ እጣቢ፣ የግቢ ፍሳሽና ከየቦዩ የሚገባ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ተያይዞ ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ይሄዳል። ስለ ወንዙ ቆሻሻነት ከሰው ጋር ሳወራ «ግድ የለም፣ ፀሐይ ታጠራዋለች» የሚል መልስ አላጣም። አባባሉ ከንቱ አይደለም። ግን ፀሐይ ምን ሠርታ ነው የምታጠራው? ከምትሠራውስ ምን ያህሉ ይተርፋል? ይህን ሥራ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ውኃ ውስጥ ከአፈር፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከፍሳሽ የሟሟ ቡናማ ኦርጋኒክ ነገር አለ። ይህ ነገር የፀሐይን አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል፤ የዋጠውን ጉልበት ደግሞ እዚያው ለሟሟው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ከዚህ የሚወለዱትን በጅምላ ንቁ ኦክስጅን እላቸዋለሁ። ሲንግሌት ኦክስጅን ውኃ ውስጥ አራት ማይክሮሰከንድ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሱፐርኦክሳይድ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል፤ ፐርኦክሳይዱም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ከሁሉም ኃይለኛው ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ መድኃኒት ይሁን ሳሙና፣ የባክቴሪያ ግድግዳ ይሁን የበሰበሰ ቅጠል አይመርጥም። በእኔ አቅም መከታተል የምችለው ሁለቱን ነው፤ ፐርኦክሳይድን በቀለም፣ ሃይድሮክሲል ራዲካልን በወጥመድ።

የምቀዳው ከአራት ቦታ ነው፦ ከመዋኛው በላይ ካለው ቀሃ፣ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ካለው ቀሃ፣ ከአንገረብ ግድብ ጠርዝና ከግቢያችን ጉድጓድ። ጉድጓዱን ያለ ምክንያት አልጨመርኩትም። ኩፐርና ዚካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ የከርሰ ምድር ውኃ እንኳ ብርሃን ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚፈጥር አሳይተዋል። የእኛንም ማየት አለብኝ።

መቅጃዬ የታጠበ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ነው። ቡናማው ብርጭቆ ጎጂውን ብርሃን ስለሚከለክል ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ ሥራውን በራሱ አይጀምርም። በታችኛው ቀሃ ልብስ የሚያጥቡ እናት «ልጄ፣ ይኼን እድፍ ለምን ትቀዳዋለህ? ከላይ ሄደህ ንጹሑን ቅዳ እንጂ» አሉኝ። «እናቴ፣ እኔ የፈለግሁት እድፉን ነው» ስላቸው ሳቁና ለሥራዬ ትልቅ ነገር ነገሩኝ፦ «እንግዲያስ ዓርብ ና፤ ነጭ ልብስ ዓርብ ነው የሚታጠበው፣ በረኪናው ያን ቀን ነው»። ጻፍኩት።

የካቲት 29

ለሃይድሮክሲል ራዲካል የሚሆነው ወጥመድ ቴሬፍታሊክ አሲድ ይባላል። በራሱ አያበራም፤ ራዲካሉ ሲነካው ግን ወደ ሌላ ውህድ ተለውጦ በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ያበራል። ከውጭ አስመጥቶ መግዛት ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ደግነቱ የሃይላንድ ውኃ መያዣ ፕላስቲክ የሚሠራው ከዚሁ አሲድ ነው፤ ስለዚህ አሲዱን ከሃይላንድ መልሼ ለማውጣት ወሰንኩ።

ነጩን ጠርሙስ ብቻ መረጥኩ፤ ክዳኑ፣ አንገቱና ወረቀቱ ተወገደ። የቀረውን የጥፍር ያህል እያደረግሁ ቆራረጥኩ። ኮስቲክ ሶዳ በ96 በመቶ አልኮል ውስጥ አሟሟሁና ቁርጥራጩን ጨምሬ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ በውኃ መታጠቢያ ውስጥ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በሚመለስበት ቱቦ ሥር አፈላሁት። የአልኮል እንፋሎት ባለበት ቤት ክብሪት አይጫርም፤ ጓንትና መነጽርም ግዴታ ነው፣ ሶዳው ዓይን ያጠፋል። ጥቂት ቆይቶ የፕላስቲኩ ጠርዝ መደብዘዝና መሳሳት ያዘ፣ ፈሳሹም ነጣ። ነጩ ነገር የአሲዱ ጨው ነው፤ አልኮል ውስጥ አይሟሟም፣ ውኃ ሲጨመርበት ግን ይጠፋል። ያልተበላውን ፕላስቲክ አጥልዬ ጣልኩና በጠራው ፈሳሽ ላይ አሲድ በጠብታ አንጠባጠብኩ። ሊትመሱ (አሲድ ሲነካው የሚቀላው ወረቀት) ቀይ እንደሆነ ፈሳሹ በአንድ ጊዜ እንደ አይብ ረጋ። ሊትመሱ መቅላቱን እስኪተው ደጋግሜ አጠብኩት፣ አደረቅሁትም። የወጣው ነጭና እጅ ላይ የሚለሰልስ ዱቄት ነው።

ይሠራ እንደሆነ የፈተንኩት በፌንተን መንገድ ነው። ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 ብረትና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ኃይለኛ ኦክሳይድ አድራጊነት አሳይቶ ነበር፤ ከዚህ ቅልቅል ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወጣል። ለደም ማነስ ከሚሰጠው የብረት ኪኒን ቀዩን ሽፋን አጥቤ ጥቂት አሟሟሁና ከፋርማሲ ፐርኦክሳይድ ጠብታ ጋር ከዱቄቱ መፍትሔ ላይ ጨመርኩ። ፍሎሮሜትሩ (ብርሃን ሰጥቶ የሚመለሰውን የሚለካው መሣሪያ) በ315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ሲያበራበት በ425 ናኖሜትር አካባቢ ጉልህ ብርሃን መለሰ። ወጥመዱ ይይዛል።

መጋቢት 5

ፀሐይ ላይ ከመውጣቴ በፊት ውኃዎቹን ምንም ሳልጨምርባቸው በጨለማ ክፍል አየኋቸው። የያዝኩት ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። የላይኛው ቀሃ ዝም አለ፤ ጉድጓዱም እንዲሁ። የታችኛው ቀሃ ግን ሰማያዊ አበራ።

ይህ ራዲካል አይደለም። ዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ማንጪያ አለ፤ አልትራቫዮሌት እየዋጠ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። የሚመልሰውም 430 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ማለትም የእኔ ወጥመድ ከሚያበራበት ቦታ ጋር ይደራረባል። ወንዙ ገና ፀሐይ ሳያገኝ እኔ የምፈልገውን ምልክት ለብሶ ጠበቀኝ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማንጪያው ራሱ በፀሐይ የሚፈራርስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠዋት የለካሁትን ከማታው ልቀንስ ብል ሒሳቡ አይይዝም፤ ወጥመዱ ሰማያዊ ሲጨምር ማንጪያው ሰማያዊ ይቀንሳል።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም አስተማማኝ ነው። እያንዳንዱ ውኃ አራት ቱቦ ይኖረዋል፦ ወጥመድ ያለበትና የሌለበት፣ ሁለቱም አንድ ፀሐይ ላይ አንድ በፎይል ተጠቅልሎ። ወጥመድ የሌለበት ግን ፀሐይ ያየው ቱቦ ማንጪያው ምን ያህል እንደቀረ ይነግረኛል። ከዚህ ያነሰ ነገር ይዞ ስለ ቆሻሻ ውኃ መናገር፣ በእኔ እምነት፣ ግምት ነው።

መጋቢት 10

አሁን ወደ ፐርኦክሳይድ። መለኪያው ዲፒዲ የሚባለው ነገር ነው፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሲለካ ሮዝ የሚያደርገው ኪኒን ውስጥ ያለው ያው ነው። ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ሲጨመርበት፣ ውኃው ውስጥ ያለው ፐርኦክሳይድ ዲፒዲውን ሮዝ ያደርገዋል፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩ (የቀለም ድምቀት የሚለካው መሣሪያ) በ551 ናኖሜትር ያነበዋል። በሊትር አንድ ማይክሮሞል፣ ማለትም 34 ማይክሮግራም ፐርኦክሳይድ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት (ናሙናው የሚለካበት ትንሽ ዕቃ) 0.04 ያህል ንባብ ይሰጣል። ለእኛ አሮጌ መሣሪያ ይህ የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ በአምስት ሴንቲሜትሩ ኩቬት ግን 0.2 ስለሚሆን ልብ ይሞላል። ቀለሙ ስለማይቆይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኢንዛይሙ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ ፍሪጁ ደግሞ መብራት ሲኖር ነው ፍሪጅ የሚሆነው። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ስንቱ ኃይሉን እንዳጣ ለማወቅ መጠኑ የታወቀ ፐርኦክሳይድ ያስፈልገኝ ነበር። የፋርማሲው ሦስት በመቶ ይላል፤ ይህም በሊትር 0.88 ሞል ገደማ ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስ ግን ቃሉን አይጠብቅም። ስለዚህ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ለካሁት፦ በአሲድ ውስጥ ሁለት ፐርማንጋኔት አምስት ፐርኦክሳይድ ይበላል፣ ሐምራዊው መጥፋት ሲያቆም ሒሳቡ ይታወቃል። ከዚያ በደረጃ እያቀጠንኩ ወደ ማይክሮሞል አወረድኩት። ኢንዛይሙ ደክሟል፣ አልሞተም፤ መጠኑን ከፍ ሳደርግ ቀለሙ በጊዜው ሞላ።

የዓርቡ ናሙና የሴትዮዋን ቃል አረጋገጠ። ዲፒዲ ብቻ፣ ኢንዛይም ሳይነካው፣ ወዲያው ሮዝ ሆነ። በረኪና ነው። የልብስ ማጠቢያው ቦታ እንግዲህ ሁለቱንም መለኪያዎቼን ያታልላል፤ አንዱን በሳሙናው፣ ሌላውን በበረኪናው። ደግሞም በረኪናና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ሲጠፋፉም ሲንግሌት ኦክስጅን ይወጣል፤ ያለ ፀሐይ ማለት ነው። ስለዚህ የዓርብ ውኃ ለፀሐይ ሥራ አይሆንም፤ ከእንግዲህ ማክሰኞ እቀዳለሁ፣ ኢንዛይም የሌለበት ቱቦም ሁልጊዜ አብሮ ይኖራል።

ሌላ ማረጋገጫም እፈልጋለሁ፤ ካታሌዝ፣ ፐርኦክሳይድን ለይቶ የሚያጠፋውን ኢንዛይም። ጉበት ውስጥ ሞልቷል። ግን ሁዳዴ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ድንች ሞከርኩ፤ ጭማቂው ገና ወንፊቱ ላይ እያለ ይጠቁራል፣ የራሱን ቀለምና የራሱን ፐርኦክሲዴዝ ይዞ ይመጣል። አልሆነም። እስከ ፋሲካ ይቆይ።

መጋቢት 18

ጣሪያ ላይ ወጣን። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየሺህ ሜትሩ አልትራቫዮሌት አሥር በመቶ አካባቢ ስለሚጨምር ፀሐያችን የዋዛ አይደለችም። የአገሪቱ ሰዓት የተቃኘው ከእኛ በምሥራቅ ባለው መስመር ስለሆነ ፀሐይ እዚህ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቱቦዎቹን ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል አስቀመጥናቸው፤ ከግራና ከቀኝ እኩል እንዲሆን። የፀሐዩም የጨለማውም ቱቦ በአንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተጋደሙ፤ አለበለዚያ ሙቀት የሠራውን ለብርሃን እንሰጠዋለን።

ዕቃው ራሱ ጉዳይ አለው። ተራ ብርጭቆም ሃይላንድም ከ320 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራሉ። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ናይትሬት የተባለ ጨው ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚሰጠው 302 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ሲውጥ ነው። በብርጭቆ ብቻ ብሠራ ናይትሬት እንዳይናገር አፉን ያዝኩ ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ውኃ ግማሽ በስስ ነጭ የፖሊኤቲሊን ከረጢት አደረግሁ፤ ከገበያ የሚገኘው ርካሹ ከረጢት ያንን ብርሃን ያሳልፋል።

ጥበቃው መጥቶ አየና «ይኼ ውኃ በሃይላንድ ፀሐይ ላይ አድርጎ የማጣራቱ ነገር ነው?» አለኝ። ዝምድና አለው። በሃይላንድ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት፣ ደመና ከበዛ ሁለት ቀን የሚባለው የመጠጥ ውኃ ማከሚያ ዘዴ ጀርሞችን የሚገድለው በአልትራቫዮሌትና በሙቀት፣ በከፊልም በዚሁ ንቁ ኦክስጅን ነው። ግን የሚሠራው ለጠራ ውኃ ነው። «የቀሃን እንዳትሞክረው» አልኩት።

ማታ ንባቡ ወጣ። በፐርኦክሳይድ በኩል የጠበቅሁት ነው፦ የጨለማዎቹ ቱቦዎች ዝም፤ የፀሐዮቹ እንደ ቡናማነታቸው። የታችኛው ቀሃ ደማቅ ሮዝ፣ የላይኛው ከእርሱ ግማሽ ገደማ፣ ግድቡ ከላይኛው ቀሃ ብዙም ያልራቀ፣ ጉድጓዱ በጭንቅ የሚነበብ። ብርሃን የሚውጠው ነገር በበዛ ቁጥር የሚወለደውም በዛ።

ሃይድሮክሲል ራዲካሉ ግን ሌላ ታሪክ ነገረኝ። የማንጪያው ብርሃን ሲቀነስ የታችኛው ቀሃ ከግድቡ ውኃ ብዙም አልበለጠም። ወጥመዱን ሆን ብዬ በትንሹ ነው የጨመርኩት፤ ብዙ ቢሆን ከውኃው አፍ ነጥቆ ይይዘውና የሚወለደውን ሁሉ ያሳየኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ለሌላ ሥራ የሚተርፈውን ነው። የሚተርፈው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ራዲካሉን የሚወልደው ኦርጋኒክ ነገር ራሱ ቀድሞ ይበላዋል። በቆሻሻ ውኃ ብዙ መወለድና ብዙ መትረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ያልጠበቅሁት ጉድጓዱን ነው። በብርጭቆው ምንም፤ በከረጢቱ ግን ከአራቱም የበለጠ።

መጋቢት 27

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት በጉድጓዱ ላይ ነው። የተጠራጠርኩት ናይትሬትን ነው። በሰፈራችን ጉድጓድና መጸዳጃ ቤት ተቀራርበው ነው የሚቆፈሩት፤ ከመጸዳጃው የሚሰርገው አሞኒያ አፈር ውስጥ በባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፣ ናይትሬት ደግሞ አፈር የማይዘው፣ ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው ጨው ነው። መመርመሪያ ወረቀቱ ጉድጓዱ ላይ ቀላ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም በታች ነው፣ ግን አለ። በግድቡ ውኃ ላይ ግን የወረቀቱ ለውጥ ለዓይን አልታየም።

ለማረጋገጥ በተጣራ ውኃ ውስጥ ፖታሲየም ናይትሬት አሟሟሁና ከጉድጓዱ ጎን በብርጭቆና በከረጢት አኖርኩ። ያው ጠባይ፦ ብርጭቆው ዝም፣ ከረጢቱ ብሩህ። ከዚያ በዚህ የናይትሬት ውኃ ላይ ከታችኛው ቀሃ የተጣራ ጥቂት ጨመርኩበት፤ ብርሃኑ ወረደ። ናይትሬቱ አልቀነሰም፤ የሚበላው በዛ እንጂ።

ለዓይን ንጹሕ የሆነው ውኃ፣ ቡናማ ነገር የሌለው፣ ማንም የማይጠረጥረው፣ በፀሐይ ኃይለኛውን ራዲካል በብዛት የሚያስተርፈው እርሱ ሆነ። ቤት ስነግራቸው እናቴ የጠየቁኝ ስለ ራዲካሉ አልነበረም፤ «ታዲያ ከመጸዳጃ ቤቱ ይገባል ማለት ነው?» አሉ። ከማስታወሻዬ ሁሉ ዋናውን ቶሎ ያዩት እርሳቸው ናቸው። ጉድጓዱ እስካሁንም ለልብስና ለአትክልት ነበር፤ አሁን ግን ለቡና እንኳ እንዳይቀዳ ተወሰነ።

ሚያዝያ 4

ፀሐይ ስትጠልቅ ፐርኦክሳይዱ ምን ይሆናል? የታችኛውን ቀሃ ቀን ፀሐይ አስመታሁና ማታ ከሦስት ከፈልኩት፦ እንዳለ፣ በማጣሪያ ወረቀት የተጣራ፣ እና አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ። ሦስቱንም እኩል ፐርኦክሳይድ እንዲኖራቸው አስተካክዬ ጨለማ ውስጥ አሳደርኳቸው።

ጠዋት እንዳለ የቀረው ባዶ ነበር። የተጣራው ከፊሉን ይዟል፤ ተራ ወረቀት ባክቴሪያን ሁሉ አያስቀርም። የፈላው ከሞላ ጎደል እንዳደረ ነው። ሌሊቱን የሚበሉት ሕያዋን ናቸው፤ ባክቴሪያዎች ካታሌዝ አላቸው፣ የፀሐይን ሥራ ለራሳቸው ደኅንነት ሲሉ ያፈርሱታል። ፍሳሽ የበዛበት ወንዝ ደግሞ ባክቴሪያ አይቸግረውም። ቀን የተጠራቀመው ለነገ አያድርም።

ሚያዝያ 16

ጎንደር ከምድር ወገብ በሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ዛሬ አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው በነሐሴ አጋማሽ በደመና ውስጥ ያልፋል። ቀጥ ያለ ምሰሶ ጥላ አልነበረውም። ለጥልቀቱ ሙከራ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

ፋሲካም አልፏል። «ጋሼ፣ የአውራ ጣት ያህል ጉበት ይቁረጡልኝ» ስል ባለ ሥጋ ቤቱ «ለድመት ነው?» አሉ። «ለውኃ ነው» ብላቸው ሒሳብ አልቀበልም ብለው ሸኙኝ። ጉበቱን ወቅጬ በብዙ ውኃ አቀጠንኩት፤ ካታሌዝ ኃይለኛ ስለሆነ ሺህ ጊዜ ቢቀጥንም ይሠራል፣ ደሙ ደግሞ እስኪጠፋ መቅጠን አለበት፤ የደም ብረት በዲፒዲ ላይ የራሱን ቀለም ያመጣልና። ፀሐይ ባየው የቀሃ ውኃ ላይ ጠብታ ስጨምር ሮዙ ሳይወጣ ቀረ። የተቀቀለ ጉበት ጠብታ ጨመርኩ፤ ሮዙ ወጣ። እንግዲህ እስከ ዛሬ የለካሁት ፐርኦክሳይድ ነው፤ የዘገየ ማረጋገጫ ቢሆንም ያሳርፋል።

ከውስጥ ጥቁር የተቀባ በርሜል በታችኛው ቀሃ ውኃ ሞላንና ያንኑ ውኃ የያዙ የታሸጉ ቱቦዎችን በገመድ አንጠለጠልን፦ አንዱ ከገጹ፣ አንዱ ጋት ታች፣ አንዱ ስንዝር፣ አንዱ ክንድ። ሳፋው ላይ እንዳደረግነው ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ቆዩ። የገጹ ደማቅ ሮዝ ሆነ። የጋቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ስንዝሩ ላይ ለማንበብ አምስት ሴንቲሜትሩን ኩቬት ፈለግሁ። ክንዱ ከጨለማው ቱቦ አልተለየም። በግድቡ ውኃ ስደግመው ብርሃኑ ጠለቅ ብሎ ወረደ፤ ስንዝሩ ላይም በተራው ኩቬት ተነበበ።

ከዚህ የምወስደው ለሁለቱ ውኃዎች የተለያየ ነው። ቀሃ በዚህ ወር በብዙ ቦታ ጥልቀቱ ከስንዝር አይበልጥም፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተገላበጠም ይወርዳል፤ ስለዚህ ውኃው በሙሉ ተራ በተራ ፀሐይ ያገኛል፣ የተወለደው ግን እዚያው ይበላል። ግድቡ የሚበላው ነገር ያንሰዋል፣ ነገር ግን ብዙ ሜትር ጥልቅ ነው፤ ፀሐይ የሚሠራው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው፣ እርሱም ንፋስ ካልቀላቀለው ከታች ካለው ውኃ ጋር አይገናኝም። ጣና ላይ እምቦጭ የሸፈነው ቦታ ደግሞ ያንን ቆዳም ያጣል።

ክረምት ሲገባ ቀሃ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። ጭቃው ብርሃኑን ይዘጋል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ግን የፌንተንን በር ይከፍታል፤ የትኛው እንደሚያመዝን ከበርሜሉ ላይ ይነበባል። ፎይልና ከረጢት ተገዝቷል፤ ኢንዛይሙን መብራት ወደማይጠፋበት ፍሪጅ አዛውሬዋለሁ።